ከሻሹ ሥር ያሉት ጠመንጃዎች

ይድረስ ለእናቴ ልጅ፣ ለወንድሜ ለሙቅቢል ናጂ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ሰነበትክ ወንድሜ? ጤናህ እንዴት ነው? ሆድህስ፣ ያ የኩዋላ ላምፑር በርበሬ ዘንድሮም ያቃጥልሃል ወይስ ለመድከው? እንቅልፍህስ? ትምህርቱስ እንዴት ይዞሃል? አንተ ዘንድ ዝናቡ ቀን ከሌት አያባራም ሲሉ እሰማለሁ፤ ደረትህን ሸፈን አድርግ። እኛ አልሐምዱሊላህ ቆመን እንሄዳለን። ማሽላው ታጭዷል፣ ቀይዋ ላምም ወልዳለች። ደህና ነን ብዬ ግን አልጽፍልህም። ልጅ ሆነን ስንዋሽ ማን ይቆነጥጠን እንደነበር አንተም አትረሳውም።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ለሕክምና ወደዚያ የሚሄደው የሷሊሕ አማች ነው። በስልክ ያልነገርኩህ አንድም የእኛን አገር ስልክ ከእኛ ሌላ ብዙ ጆሮ ስለሚሰማው፣ አንድም ስናደድ በስልክ እንባ ስለሚቀድመኝ ነው። ብዕር ስይዝ ግን አላለቅስም። ዛሬ ደግሞ ተናድጃለሁ ሙቅቢል። የተናደድኩት በሦስት ወገን ነው፤ አንዱ አንተ ነህ።

ለአጎት ዓኢድ የላክህለትን የድምፅ መልእክት ሁላችንም ተሰብስበን ሰማነው። አጎታችን ስልኩን ትራስ ላይ አስቀምጦ፣ ሽማግሌዎቹ ጫታቸውን ጉንጫቸው ውስጥ ወጥረው፣ እኔና የአጎት ሚስት ዋርዳ ደግሞ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነን አዳመጥን። ረጅም ንግግር ነበር። እናታችን የሞተችበት የባዕድ ወታደሮች ወረራ ሕጋዊ ነው አልክ። መንግሥት ፈቅዶ ነው የገቡት፣ የሚፈልጉት ሰውዬ ሌላ ጥቃት ሊያደርስ ነበር፣ የአገሩ ፖሊስ ሊይዘው አልቻለም፣ ስለዚህ ራስን መከላከል ነው አልክ። መጨረሻ ላይም መንግሥት ለዕርቅ የሚልከውን ጠመንጃና በሬ ተቀበሉ፣ ደሙ ይድረቅ፣ ነገሩም እዚህ ላይ ይብቃ አልክ። ያንተ ቃል ቀላል ቃል አይደለም። አባታችን ከሞተ ወዲህ የእናታችን ደም ባለቤት አንተ ነህ፤ አንተ ተቀብያለሁ ካላልክ ሽማግሌ ዕርቁን አይቋጥርም። አሁን ብለሃል። እኔ ይህን የምጽፈው ቃልህን መልሰህ እንድትወስድ ነው።

ከሁሉ የቆረጠኝ ስለ እናታችን ያልከው ነው። "ተጓዳኝ ጉዳት" አልካት። ዋርዳ ወደ እኔ ጠጋ ብላ "ተጓዳኝ ማለት ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? ከጎን የሄደ ማለት ነው አልኳት። እናታችን የማንም ጎን አልሄደችም ወንድሜ። መሐል ነው የገባችው። አጎት ዓኢድ "በተኩስ መካከል ሞተች" ብቻ ብሎ እንደነገረህ ስላወቅኩ፣ እሱ በሐዘንህ ላይ ላለመጨመር ብሎ የተወውን እኔ እነግርሃለሁ።

ያ ሰው የመጣብን አመሻሽ ላይ፣ የመግሪብ አዛን ሲቃረብ ነው። ስሙን አልጽፈውም፤ ሬዲዮው ጠግቦታል። ከሁለት ተከታዮቹ ጋር ሆኖ፣ አንዱን ወባ እያንቀጠቀጠው፣ ደጃችን ላይ ቆመና "እናቴ፣ በፊትሽ ነኝ" አለ። እናታችን ማን እንደሆነ አላወቀችም፤ ብታውቅም ከለላ ለሚጠየቅበት ለዚህ ቃል የሚሰጠው መልስ አንድ ነው። ግቡ አለች። ቂጣ ከታኑር ምድጃው አወጣች፣ ማርና ቅቤ አቀረበች፣ የታመመውንም የአባታችንን ብርድ ልብስ አለበሰችው። አጎት ዓኢድ መጥቶ እንግዶቹን ሰላም ሲል ነው ፊቱ ልውጥውጥ ያለው። ማድቤት ጠራንና "የሐሙስ ገበያው መኪና የዚህ ሰውዬ ሥራ ነው" አለን። ገበያ መሐል የፈነዳውንና የሰዕዳ ልጅ ሐዛም ያለቀበትን መኪና ማለቱ ነው። ሰዕዳ ከእኛ ቤት የሚለያት አንድ የድንጋይ አጥር ነው፤ ልጇን የቀበረችው ደግሞ ሙሉውን አግኝታ አይደለም።

እናታችን እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ እሱ ገባች። ሃይማኖት ሊያስተምራት ጀምሮ ነበር። "ተው ልጄ" አለችው። "አንተ ጥርስ ሳታበቅል እኔ ቁርኣኔን ቀርቼ ጨርሻለሁ። ቂጣዬን በልተሃል፣ ስለዚህ እቤቴ እስካለህ ድረስ ማንም ጫፍህን አይነካም። ፀሐይ ስትወጣ ግን ትወጣለህ። ከድንበራችን ድንጋይ ወዲያ የሚገጥምህን እኔ አላውቅም።" እሱም ገባው፤ አንገቱን ደፋ። አጎት ዓኢድ ደግሞ ለሰዕዳ ወንድሞች ነገራቸው። እነሱም በእኛ በኩል ጠጠር ሳይወረውሩ፣ ሄደው ከድንበሩ ድንጋይ ማዶ ተቀመጡ። ይኸውልህ ሙቅቢል፣ ሊይዘው የሚችል አልነበረም ያልከው ሰው በሕጋችን ተፈርዶበት፣ ፍርዱን የሚፈጽሙት ሰዎች መንገዱ ላይ ተቀምጠው ጎህ እስኪቀድ ይጠብቁ ነበር። ለሰውየው አላዝንም። ሰዕዳን እያየሁ ለእሱ ማዘን አይሆንልኝም። እናታችንን ከለላ አድርጎ የአንዲትን መበለት ቂጣ ጋሻ ስላደረገ፣ አላህ ዘንድ እከሰዋለሁ። የተናደድኩበት ሁለተኛው ወገን እሱ ነው።

የቀረውን ባጭሩ ልንገርህ። ሌሊት የባዕዶቹ ሄሊኮፕተሮች ከኮረብታው ጀርባ ነው ያረፉት፤ እኛ የሰማነው የውሻ ጩኸትና የድንጋይ መንከባለል ብቻ ነበር። ወንዶቹ ያሰቡትን ታውቃለህ፤ በውሃ ጉድጓዱ ጠብ የተነሳ የጎረቤት ጎሳ የሆኑት ቤኒ ሑሰይሞች የመጡብን መሰላቸው። ማንም የዚህ አገር ሰው የሚያደርገውን አደረጉ፤ ጣሪያ ላይ ወጥተው ተኮሱ። ከታች ደግሞ የማናውቀው ተኩስ መለሰ። እናታችን ያኔ ተነሳች። "እኔ እያለሁ በቤቴ ደጅ የሰው ደም አይፈስም" አለችና ወጣች። ቀሚሷን ያዝኩ፤ እጄን መታ አደረገችው።

ልጅ ሆነን ጉድጓዱ አፍ ላይ ያደረገችውን ታስታውስ የለ? ሁለቱ ጎሳዎች በጠመንጃ ሲተያዩ ሻሿን ከራሷ ፈትታ መሐላቸው ጣለች። አንተ ያኔ ትከሻዬ ላይ ነበርክ፤ ያን ሁሉ ባለ ጢም ወንድ እንደ ተቆጣ ሕፃን አንገቱን ሲደፋ አይተህ ሳቅክ። የቤኒ ሑሰይሙ ሽማግሌ ራሱ ጎንበስ ብሎ ሻሹን አነሳና ሳመው፣ መለሰላት። ከዚያ ቀን ወዲህ እናታችን ከዚህች ጨርቅ የሚያልፍ ጥይት አለ ብላ አታምንም ነበር። አሁንም ያንኑ አደረገች። ባዕድ ወንድ ጠጉሯን አይቶት የማያውቅ ሴት፣ ራሷን ገልጣ፣ ሻሿን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ግቢው መሐል ወረወረችው። ባለፈው ረመዳን አንተ የላክህላትን ቢጫውን ሻሽ። ጣሪያዎቹ ሁሉ ወዲያው ዝም አሉ። አጎት ዓኢድ በቁርኣን ይምላል፣ ጣቱን ከቃታው ላይ አንስቶ ጠመንጃውን ተንተራሰ። ከሁለቱ ወገን አንዱ ተኩስ አቆመ ማለት ነው።

ሌላው ወገን አላቆመም። ደረቷን መቷት። ከዚያ በላይዋ ተራምደው ገብተው ሰውየውንና ተከታዮቹን ገደሉ፣ ስልኮች ለቃቅመው ሄዱ። ሰዕዳና እኔ ስንደርስ እናታችን ሻሹን ለማንሳት እጇን ዘርግታ ነበር። ሻሹ ላይ የቡት ጫማ ታትሞበታል። አላጠብኩትም።

በማግስቱ ሬዲዮው አንድ የሽብር አለቃና ታጣቂዎቹ መገደላቸውን፣ ከእነሱም መካከል አንዲት ተዋጊ ሴት እንደነበረች ተናገረ። ለቀብር ስንወጣ ደግሞ የሰውየው ወገኖች ጥቁር ባንዲራቸውን ይዘው መጡና እናታችን የእነሱ ሰማዕት መሆኗን አወጁ፤ ደሟንም እኛ እንመልሳለን አሉ። ሁለቱ ጠላቶች በምንም አይስማሙም ነበር፤ እናታችን ላይ ሲደርሱ ተስማሙ፤ ለሁለቱም ተዋጊ ነበረች። ባንዲራውን ከመቃብሩ ላይ የነቀልኩት እኔ ነኝ። ከመካከላቸው አንዱ ጎረምሳ "አንቺ ሴትዮ፣ ፈሪሃ አላህ የለሽም እንዴ?" አለኝ። "አለኝ፣ ለዚህ ነው ጨርቅህን ለማሽላ ወፍ ማስፈራሪያ የማደርገው" አልኩት። አድርጌዋለሁም፤ ወፎቹ ግን አልፈሩትም።

አሁን ወደ ሕግህ ልመለስ። መንግሥት ፈቅዷል ብለሃል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ የኛ ባለቤት ግን አጥሩን ራሱ ከፍቶ፣ እንግዶቹን አስገብቶ፣ እሱ ከበስተኋላ ቆሞ ጆሮውን ይደፍናል። ይህ መንግሥት ከመቼ ወዲህ ነው የእናታችንን ደጅ የሚያስከፍተው? ክሊኒክ እንዲሠራልን ስንለምነው ሸለቆው ሩቅ ነው፣ መንገዱ አይገባም ይለን ነበር። ባዕዶቹን ለማስገባት ግን ሩቅ አልሆነበትም። ራስን መከላከልም ብለሃል። እሺ፣ ሰውየው ነፍሰ ገዳይ ነው፣ ሌላም ሊገድል ያስብ ይሆናል። ከሰባት ባሕር ማዶ መጥቶ በሰው ግቢ ውስጥ ራሱን የሚከላከል ሰው ግን፣ ቢያንስ ግቢው የማን እንደሆነና በግቢው የሚሠራው ሕግ ምን እንደሆነ ይጠይቃል። እንግዳ ጫማውን የት እንደሚያወልቅ ይጠይቅ የለ? ሕግህ ይህንን የሚልበት ቦታ ከሌለው፣ ሕግ ሳይሆን የባለ ሄሊኮፕተር ፈቃድ ነው።

ፍርሃትህን አውቃለሁ። የመኖሪያ ፈቃድህ አለ፣ የትምህርትህ ነገር አለ፤ የዚያ ሰው ስምና የአባታችን ስም በአንድ ዜና ውስጥ መጠራቱ እንቅልፍ ይነሳሃል። በዚህ አልፈርድብህም። ፈርቻለሁ ብትል ኖሮ እኔው ራሴ እሺ በል ወንድሜ፣ እኛ እንወጣዋለን እል ነበር። አንተ ግን ፍርሃትህን ሕግ አልብሰህ ላክህልን። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አሉ፤ የእነሱን ጥፋት ወሰድክና እናታችን ላይ ለጠፍከው። ያናደደኝ ይህ ነው።

ጠመንጃዎቹ የመጡ ቀን ምን እንደሆነ ደግሞ አጎታችን አልነገረህም። ሊነግርህም አይፈልግም፤ አፍሯል። መንግሥትን ወክሎ ኮሎኔል ደይፈላህ ነው ይዟቸው የመጣው። የሸለቆው የታችኛው ጫፍ ሰው ነው፣ እናቱን እናውቃታለን፣ የወገቡ ጩቤ፣ ጀምቢያው፣ ከሆዱ ጋር ቀድሞት ነው የሚገባው። ጠመንጃዎቹን በሰልፍ እንግዳ መቀበያው ወለል ላይ አጋደሙ፣ በሬዎቹንም ደጅ አሰሩ። በልማዳችን ይህ ማለት በድለናል፣ ፍረዱብን ማለት ነው። ሰዕዳ ከአጥሯ ላይ ሆና "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ብላ ሁሉም እየሰማ ተረተችበት። ኮሎኔሉ እንዳልሰማ ሆነ። የሽማግሌዎቹ አለቃ ሼኽ ቃኢድ "በዳዩ አንተ ነህን?" ብሎ ጠየቀው። "እኔ በበዳዩ ስም ነኝ" አለ። "በዳዩስ?" "አይመጣም።" "ጥፋቱን አምኗል?" ኮሎኔሉ አገጩን አከከና "አጣርተናል፣ ሕጋዊ ነው ይላሉ፤ ግን ለመልካም ጉርብትና ሲባል..." አለ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አልበደልኩም የሚል ሰው ጠመንጃ ሲልክ አይተው አያውቁማ።

ያም ሆኖ ሊቀበሉ ነበር። ደክሟቸዋል፣ ሄሊኮፕተሩ እንዳይመለስ ይፈራሉ፣ ያንተም ቃል በእጃቸው ነበር። ሼኽ ቃኢድ ጎንበስ ብሎ የመጀመሪያውን ጠመንጃ ሊያነሳ ሲል እኔ ከመጋረጃው ወጣሁ። ሴት በዚያ ጉባኤ እንደማትገባ አውቃለሁ፤ አጎት ዓኢድም "ሙስዒዳ፣ ተመለሺ" ብሎኛል። አልተመለስኩም። የእናታችንን ሻሽ ከነቡት ጫማው አሻራ ዘረጋሁና ጠመንጃዎቹ ላይ ጣልኩት።

የሼኽ ቃኢድ እጅ አየር ላይ ቀረ። ወደ ኋላ የሸሸው ግን ማን ይመስልሃል? ኮሎኔል ደይፈላህ ነው። ጠመንጃዎቹን በሚገባ ለማሰለፍ ጎንበስ ብሎ ነበር፤ ሻሹ ሲያርፍ እሳት እንደነካው ሰው እጁን ሰበሰበና ሁለት እግሩን አንስቶ ግድግዳው ጋ ተለጠፈ። እኔም ፊቱን እያየሁ "ኮሎኔል፣ ለምን ሸሸህ?" አልኩት። "እንዴ የኔ እህት፣ የሴት ሻሽ ነው እኮ" አለ። "ካወቅክ" አልኩት፣ "ለእንግዶችህ ለምን አልነገርካቸውም? ግቡ ብለህ ስትፈቅድላቸው፣ ሴት ሻሿን ከጣለች ተኩስ ይቆማል ብለህ ብትጨምር ምን ትሆን ነበር?" "ቦምብ የወረወረች መስሏቸው ነው" አለ ኮሎኔሉ ቀስ ብሎ። አየህ ሙቅቢል፣ መንግሥት ፈቅዷል ያልከኝ ፈቃድ ይኸው ነው። ባዕዶቹ ላያውቁ ይችላሉ፤ ፈቃዱን የሰጣቸው ሰው ግን ያውቃል። የአገሩን በር ሰጣቸው፣ የአገሩን ሕግ አልሰጣቸውም። የተናደድኩበት ሦስተኛው ወገን ይህ ነው። እንዲህ ያለው ፈቃድ ያንተ መጽሐፍ ውስጥ ፈቃድ ከተባለ፣ መጽሐፉን ዝጋው።

አሁን ያለንበት ይህ ነው። ኮሎኔሉ ሄዷል፣ በሬዎቹን ግን አልወሰደም፤ ያልታረቀ ሰው በሬ አይታረድም፣ አይነዳም፤ አገዳችንን እየጨረሱ ነው። ጠመንጃዎቹ ወለሉ ላይ ናቸው፣ ሻሹም ከላያቸው ነው። ወንዶቹ ገብተው ሲወጡ ግድግዳውን ታክከው ያልፋሉ። አጎት ዓኢድ አኩርፎኛል፣ ሆኖም ማታ ማታ እሱ ራሱ በሩን ሲዘጋ ነፋስ ሻሹን እንዳይገልጠው ዳር ዳሩን ያስተካክላል።

የምለምንህ ሁለት ነገር ነው። በቀል አልጠየቅኩህም፤ ለዚያ የሚቸኩሉትን ከመቃብሯ አባርሬአለሁ። መጀመሪያ፣ ለአጎታችን ሌላ መልእክት ላክና ቃሌን አንስቻለሁ በል። ቀጥሎ፣ ሕጉን ተምረሃልና በተማርክበት ቋንቋ ለእነዚያ ሰዎች ጻፍላቸው። እናታችን ሐማማ ቢንት ሙርሺድ ተዋጊ አልነበረችም፣ ሻሿን ጥላ ነው የተገደለችው በላቸው። ይህንን አምነው ስሟን አስተካክለው፣ ከመካከላቸው አንድ ሰው መጥቶ በራሱ አፍ በድለናል ካለ፣ ያለ አንድ ጠመንጃና ያለ አንድ በሬ እኔው ራሴ ቂጣ ጋግሬ እቀበለዋለሁ። ካልመጣም የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

አጎት ዓኢድ ቢያኮርፍም ሰላም በይልኝ ብሏል። ዋርዳ ሰላም ትልሃለች፣ ያቺን "ተጓዳኝ" ያልካትን ቃል ግን ሁለተኛ እንዳትደግማት ትላለች። ሰዕዳ ዓይንህን ትስማለች፤ "የልጄን ገዳይ ገደሉልኝ፣ እናት የምትሆነኝን ደግሞ ገደሉብኝ፤ ላመስግናቸው ወይስ ልርገማቸው፣ የተማረው ይንገረኝ" ብላሃለች። ሼኽ ቃኢድ ሰላም ብሎሃል፤ እሱ ቃልህን ይጠብቃል እንጂ አይቸኩልም። ቀይዋ ላም የወለደችው ወይፈን ነው፣ ስም እንድታወጣለት ትተነዋል። ደብዳቤዬን ስጨርስ ሁልጊዜ "ምርቃቴን ጻፊለት" ብላ አጠገቤ የምትቀመጥ ሰው ነበረች። ዛሬ ቦታው ባዶ ስለሆነ፣ እኔ በእሷ ፈንታ አልመርቅህም። ያንን የምታገኘው ስሟ ከተስተካከለ በኋላ መጥተህ ሻሹን ስታነሳ ነው። እሱን ማንሳት የሚችሉ ሁለት እጆች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ያንተ ነው፣ ሌላው የተኮሰባት ሰውዬ እጅ ነው።

እህትህ ሙስዒዳ ናጂ
ሸዕብ አል-ቃራ፣ ረቢዕ አል-አወል 1440